በሐኪም ማዘዣ ስለሚሰጡ የቫይታሚን መርፌዎችና «ግሉኮስ»፦ በወረርሽኝ ጊዜ ሊታወቅ የሚገባው

ይህ ትምህርት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ለሚሠሩ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በቤታቸው ታማሚ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም ከዓባይ ድልድይ ማዶ ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ከሚኖረው ሕዝብ ሕይወት ነው። እዚህ የሚታየው ልማድ በሌላውም የአገራችን ክፍል ስለሚታይ፣ አንባቢው የራሱን ወረዳ እያሰበ ቢያነበው ይጠቀማል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተገለጸ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ። መንገዱ ሲጠብ፣ ታሪፉ ሲጨምር፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። በገበያ የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ናረ። በመድኃኒት ቤቶች መስኮት ደግሞ ሌላ ጥያቄ በረከተ፤ «የሚያጠነክር መርፌ አለ?» «ቫይታሚን ያለበት ግሉኮስ ስጡኝ።»

ጥያቄው ከአላዋቂነት ብቻ የመነጨ አይደለም። በገጠሩ ክፍል መርፌ ከክኒን የበለጠ ክብር አለው። ክኒን ብቻ ይዞ ከጤና ጣቢያ የተመለሰ ሰው «ምንም አላደረጉልኝም» ሲል መስማት የተለመደ ነው፤ ፈሳሽ ተሰቅሎለት የዋለ ግን «በደንብ ታከምሁ» ይላል። ለዚህ ልማድ ጤና ባለሙያዎችም ድርሻ አለን፤ ለዓመታት ታማሚው እንዲደሰት ብለን የማያስፈልገውን መርፌ ያዘዝን ጥቂቶች አይደለንም። ስለዚህ በዚህ ርዕስ ላይ ሕዝቡን ብቻ ተወቃሽ የሚያደርግ ትምህርት ሚዛኑን የሳተ ይሆናል።

«ግሉኮስ» የምንለው ምንድን ነው?

በተለምዶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል። በእርግጥ ግን ከረጢቶቹ የተለያዩ ናቸው። ባለ 0.9 በመቶው ኖርማል ሳላይን በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው ያለበት ነው፤ ምግብነት የለውም። ሪንገር ላክቴት የተባለውም እንዲሁ የጨዋማ ማዕድናት ውሕድ ነው። ባለ 5 በመቶው ግሉኮስ በሊትር 50 ግራም ስኳር ይዟል፤ የሚሰጠው ኃይልም 200 ኪሎ ካሎሪ አይሞላም። ይህ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ከሚገኘው ያነሰ ነው። ባለ 40 በመቶው፣ በ20 ሚሊ ሊትር አምፑል የሚቀርበው፣ ስሙ ቢያስፈራም በውስጡ ያለው 8 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። ስኳሩ ወርዶበት ራሱን የሳተ ሰው ሲያጋጥም ይህች አምፑል ሕይወት ታድናለች፤ ደክሞት ለተኛ ግን ስኳር የበዛበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ከእርሷ አይተናነስም።

ቢ ኮምፕሌክስ የሚባለው መርፌ ደግሞ ቢ1ን፣ ቢ6ንና ሌሎች የዚሁ ቤተሰብ ቫይታሚኖችን የያዘ ነው። ሪቦፍላቪን የተባለው ቢ2 ያለበት ከሆነ የሽንትን ቀለም ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል። አንዳንድ ታማሚ ይህን ሲያይ «በሽታው ወጣልኝ» ይላል፤ የወጣው ግን ሰውነቱ ያልፈለገው ቫይታሚን ነው። ቫይታሚን ሲም ቢሆን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ፣ ሰውነት ከሚይዘው በላይ የገባው በኩላሊት በኩል ይወገዳል።

ታዲያ ሰዎች ፈሳሽ ከተሰቀለላቸው በኋላ ለምን ይሻላቸዋል? ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ ሳይበላና ሳይጠጣ የዋለ ሰው ውኃ ስለተጠማ፣ የገባለት ውኃ ራሱ ያነቃዋል፤ አፉ መዋጥ ከቻለ ግን ይህንኑ ውኃ በጽዋ ማግኘት ይችላል። ሁለት ሦስት ሰዓት በጸጥታ መተኛቱ፣ ሰዎችም አጠገቡ መቀመጣቸው ያሳርፈዋል። ሦስተኛው ምክንያት አሳሳቢ ነው፤ ፈቃድ የሌላቸው መርፌ ወጊዎች በከረጢቱ ውስጥ ወይም በመርፌው ላይ የሕመም ማስታገሻ ወይም ዴክሳሜታሶን ይጨምራሉ። ትኩሳቱ በዚያው ቀን ይበርዳል፤ በሽታው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ታማሚው ተሽሎኛል ብሎ በሚቀመጥባቸው ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ የሳንባ ጉዳቱ ሥር ይሰዳል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ቢሰጥ ጽኑ ሕሙማንን ሊረዳ ይችላል የሚል ተስፋ በብዙ አገሮች ነበር። ተስፋው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በጽኑ የታመሙ ሰዎች በደማቸው ያለው የቫይታሚን ሲ መጠን ዝቅ ብሎ መገኘቱ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በታማሚ ደም ውስጥ ማነሱና ያንኑ ነገር መጨመር በሽተኛውን ማዳኑ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህን የሚለየው ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማወዳደር ብቻ ነው።

በካናዳ፣ በፈረንሳይና በኒውዚላንድ በሚገኙ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ደማቸው በተመረዘ 872 ታማሚዎች ላይ የተካሄደ እንዲህ ያለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆነ። በደም ሥር ቫይታሚን ሲ ከተሰጣቸው መካከል በ28ኛው ቀን የሞቱት ወይም የውስጥ አካላቸው ሳያገግም የቀረው 44.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው መካከል 38.5 በመቶ ነበሩ። ይጠቅማል የተባለው ጎዳ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት በኮቪድ ታመው ሆስፒታል በገቡ ከ2,500 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናትም ከቫይታሚን ሲ መርፌ ምንም ጥቅም አላገኘም። ቫይታሚን ዲም በብራዚል ተሞክሮ ነበር፤ ለ240 የኮቪድ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን ቢወስዱም የሆስፒታል ቆይታቸው አላጠረም።

በአንጻሩ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የመጣው ውጤት ርካሽና በየሆስፒታላችን ያለ መድኃኒት ሕይወት እንደሚያድን አሳየ። በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም፤ እንዲያውም የመጉዳት አዝማሚያ ታየበት። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ እንደ በሽታው ደረጃ አንዱን ሲያድን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማዘዣ የቢሮ ሥርዓት ማሟያ ወረቀት ተደርጎ መታየት የለበትም።

መርፌው በእርግጥ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

«የቫይታሚን መርፌ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ ማስተማርም ስሕተት ነው፤ ሕይወት የሚያድኑ አሉና። በጤና ተቋም ለተወለደ ሕፃን የሚሰጠው 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በአራስነት የሚከሰትን ከባድ የደም መፍሰስ ይከላከላል፤ አንዲት እናት «ለጨቅላ ምን ቫይታሚን ያስፈልገዋል» ብላ እንዳትከለክል ማስረዳት ይገባል። አረቄና ጠላ በብዛት የሚጠጣና ምግብ የማይበላ ሰው አእምሮው ተዛብቶ፣ ዓይኑ እየዋለለ፣ እግሩ እየተንገዳገደ ሲመጣ የቢ1 መርፌ በአስቸኳይ ያስፈልገዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ቢሰቀልለት የአንጎል ጉዳቱ ሊባባስ ይችላል። በየመንደሩ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሰቀለው ግሉኮስ የሚያደርሰው ድብቅ ጉዳት አንዱ ይህ ነው። የቢ12 እጥረት በምርመራ የተረጋገጠበት፣ በክኒን የተሰጠው አይረን ያልተስማማው ወይም ያልጠቀመው ደም ማነስ ያለበት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀቱ ምግብ የማይቀበል ታማሚ፣ ለእነዚህ ሁሉ በመርፌ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ንጥረ ነገር ተገቢ ሕክምና ነው።

በንጥረ ነገር እጥረትና በሳንባ በሽታ መካከልም እውነተኛ ዝምድና አለ። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ጋር አወዳድሮ ነበር። ከታመሙት 210ዎቹ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት ልምሻ፣ ሪኬትስ፣ ተገኘባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። የዓመቱን አብዛኛውን ቀን ፀሐይ በሚወጣበት አገር ሕፃናት በፀሐይ እጦት መጎዳታቸው ዛሬም የሚያሳዝን ነው። መነሻው ሕፃኑን ከ«ምች» ለመጠበቅ ሲባል ሸፋፍኖ በቤት ውስጥ ማቆየት ሲሆን፣ መከላከያውም የጠዋት ፀሐይ ነው፤ የታመመው ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ቫይታሚን ዲ ይሰጠዋል። ከዚህ የምንረዳው እጥረት ያለበትን መርምሮ መሙላት ሳንባን እንደሚጠብቅ ነው። እጥረት የሌለበትን ሰው መውጋት ግን የተለየ ጥንካሬ አይጨምርለትም።

ጤና ሚኒስቴር ራሱ በስፋት የሚያድለው ቫይታሚን የሚሰጠው በአፍ በሚንጠባጠብ ፈሳሽ መሆኑንም ልብ ይሏል። ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት 100,000 ዩኒት፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉት 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ይሰጣል። አንዲት ጠብታ የሕፃን ዓይን ታድናለች፤ መርፌ አላስፈለገም።

ስለ መድኃኒት ቅመማ

በውጭ አገር አንዳንድ መድኃኒት ቤቶች በሐኪም ማዘዣ መሠረት ለአንድ ታማሚ ብቻ የሚሆን የቫይታሚን ውሕድ ቀምመው ያቀርባሉ። በአገራችን የመድኃኒት ቅመማ በአብዛኛው ለቆዳ በሽታ የሚሆኑ ቅባቶችንና መሰል ውሕዶችን ማዘጋጀት ሲሆን የሚከናወነውም በሆስፒታሎችና በጥቂት መድኃኒት ቤቶች ነው። በኮቪድ ጊዜ ግን ቅመማ በድንገት የሁሉም ወሬ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ ሳኒታይዘር፣ እየቀመሙ ማከፋፈል ጀመሩ። ያ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ማየት ለርዕሳችን ይረዳል።

በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት ባለ 96 በመቶ ኤታኖል 833.3 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 41.7 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 14.5 ሚሊ ሊትር ይለካና በተጣራ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ ሊትር ይሞላል። ፐርኦክሳይዱ እጅ ለማጽዳት የገባ አይደለም፤ በአልኮል የማይሞቱትን የባክቴሪያ ዘሮች እንዲገድል ነው። ለዚህም ሲባል የተሞላው ጠርሙስ ወዲያው አይሰጥም፤ 72 ሰዓት ይቀመጣል። በቆዳ ላይ ተቀብቶ በሰኮንዶች ለሚተን ፈሳሽ ሦስት ቀን የሚጠበቅ ከሆነ፣ በቀጥታ ወደ ልብ ለሚሄድ ፈሳሽ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባ አንባቢው ይመዝነው።

ወደ ደም ሥር የሚገባ ውሕድ የሚቀመመው አየሩ በልዩ ማጣሪያ እየተጣራ በሚነፍስበት ክፍል፣ ጓንት፣ ጭንብልና የተለየ ልብስ በለበሰ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ናሙናው ይመረመራል፤ የሚያበቃበት ሰዓት ይጻፍበታል። አንዱ ቫይታሚን ከሌላው ጋር ሲገናኝ ይረጋ ወይም ይበላሽ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ክዳኑ በመርፌ ተበስቶ ሦስት አራት አምፑል የተጨመረበት፣ በምስማር ላይ የተሰቀለ ከረጢት ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም።

ይህን ሥርዓት የሚያውቁ አገሮችም ቢሆኑ ሲያጓድሉ ዋጋ ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በአንድ የቅመማ ድርጅት የተዘጋጀ የጀርባ መርፌ በሻጋታ ተበክሎ በ20 ክፍላተ ሀገር ከ750 በላይ ሰዎችን ለማጅራት ገትርና ለሌሎች ሕመሞች ዳረገ፤ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጠርሙሶቹ ሲታዩ ንጹሕ ይመስሉ ነበር።

በእኛ አካባቢ ተጨማሪ ችግር አለ፤ እርሱም መንገዱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ አየሩ ከደጋ ወደ ቆላ ይለወጣል፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም በሞተሩ አጠገብ ከዕቃ ጋር ተጭኖ የመጣ አምፑል በዚያ ሙቀት አልፎ ነው ብቸና ወይም ሞጣ የሚደርሰው። ቫይታሚኖች ደግሞ በሙቀትና በብርሃን በቀላሉ የሚበላሹ ናቸው። በመደበኛው የአቅርቦት መስመር የሚመጣ መድኃኒት የአያያዝ መመሪያ አለው፤ በሻንጣ የመጣ ግን ከየት እንደተነሣ፣ በስንት ዲግሪ እንዳደረ የሚያውቅ የለም። መለያ ጽሑፉ ቢነበብም ውስጡ ያለውን አያረጋግጥም።

በቤት የሚሰቀል ፈሳሽ ምን ሊያስከትል ይችላል?

የመጀመሪያው አደጋ በሳንባ ላይ ነው። በኮቪድ የተጎዳ ሳንባ የደም ሥሮቹ ስለሚያፈስሱ ውኃ ይይዛል። በላዩ ላይ ሁለትና ሦስት ሊትር ፈሳሽ ሲጨመር ታማሚው በራሱ ውኃ ይታፈናል። በሆስፒታል ውስጥ ፈሳሽ በጥንቃቄ፣ እየተለካ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ አረጋዊ፣ በምግብ እጥረት የከሳ ሕፃንም እንዲሁ ይጎዳሉ። በጣም የከሳ ሕፃን ሲታይ የደረቀ ይመስላል፤ የቤተሰቡም የመጀመሪያ ሐሳብ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ነው። የከሳ ልብ ግን ያን ፈሳሽ መግፋት አይችልም፤ በመመሪያችን ለእንዲህ ያለ ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ሲገባ ብቻ፣ በቅርብ ክትትል ነው።

የስኳር ሕመምተኛ በማያውቀው ከረጢት ስኳሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ የተሰጠው ሰው ደግሞ በጣት ደም የሚለካው ስኳሩ ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ባለሙያው ይህን ሳያውቅ ኢንሱሊን ቢጨምርለት ስኳሩ ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ወደ ጤና ተቋም የመጣ ታማሚ ቀደም ሲል የተወጋውን ሁሉ ሳያፍር መናገር አለበት፤ ባለሙያውም ሳይቆጣ መጠየቅ አለበት። የሚቆጣ ባለሙያ እውነቱን አይሰማም።

ሁለተኛው አደጋ ከመርፌው ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። በካምቦዲያ ሮካ በተባለች የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ ከ200 በላይ ሰዎች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ጭምር፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር መንደሩ የሚወደውና የሚያከብረው፣ ፈቃድ የሌለው አንድ ሐኪም በመርፌና በደም ሥር በሚሰጡ ፈሳሾች ሲያክም ሲሪንጅ ደግሞ ደጋግሞ ይጠቀም እንደነበር ታወቀ። ሰውየው ክፉ አልነበረም ይባላል፤ ገንዘብ ለሌለው በዱቤ ያክም ነበር። ሮካን ያነሣነው እዚያ የነበረው ነገር ሁሉ እኛም ዘንድ ስላለ ነው፤ ሩቅ ሆስፒታል፣ ቅርብ መርፌ ወጊ፣ በመርፌ ላይ ያለ እምነት።

ሦስተኛው አደጋ የጊዜ ነው፤ በእኔ አመለካከት ከሁሉም የሚከፋው እርሱ ነው። ከዓባይ ማዶ ከአንዳቤት በኩል ታማሚ ወደ ሞጣ የሚያመጣ ቤተሰብ በእግር ወይም በቃሬዛ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ይህ ቤተሰብ ሞጣ ከመድረሱ በፊት በመንደር ሁለት ቀን ግሉኮስ ሲያሰቅል ከቆየ፣ ለመጓጓዣና ለአልጋ ያሰበውን ብር ጨርሶ፣ ታማሚውም ኦክስጅን ሊጠቅመው ከሚችልበት ሰዓት አልፎ ይደርሳል። ለጥቂት ቀን ከረጢትና አምፑል የሚወጣው ገንዘብ በብዙ ቤት አንድ በግ ወይም የጤፍ ኩንታል የተሸጠበት ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባለው ተቋም ብቻ እንዲሸጥ፣ በማዘዣ የሚሰጠውም በማዘዣ እንዲሆን ያስገድዳል። የመድኃኒት ቤት ሥራ መድኃኒቱን ማደልና አወሳሰዱን ማስረዳት ሲሆን፣ መውጋትና ፈሳሽ መስቀል ድንገተኛ አለርጂን ማከም በሚችል የጤና ተቋም ውስጥ የሚደረግ ነው። ቢ1ን ጨምሮ አንዳንድ የቫይታሚን መርፌዎች አልፎ አልፎ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያቋርጥ አለርጂ ያስነሣሉ፤ አድሬናሊን በሌለበት ቤት ያ ሰው አይተርፍም።

ከታማሚና ከቤተሰብ ጋር ስለ መነጋገር

«አያስፈልግም» የሚለው ቃል ብቻውን ማንንም አላሳመነም። ግሉኮስ የጠየቀ ቤተሰብ የጠየቀው ስኳርና ውኃ ብቻ አይደለም፤ «ለሰውየው የሚቻለው ሁሉ ተደርጓልን?» የሚለውን ነው። መልሳችን ይህን መመለስ ይኖርበታል። የሚከተለው ንግግር ለልምምድ የተዘጋጀ ነው፤ በጤና ጣቢያ በትኩሳትና በድካም የመጡ አንዲት አረጋዊትና ነርሷ ይነጋገራሉ።

«ልጄ፣ ጉልበቴ አለቀ። አንድ ግሉኮስ ብትሰቅይልኝ በተነሣሁ ነበር።»

«እማማ፣ መድከምዎን አይቻለሁ። መጀመሪያ ትንፋሽዎን ልቁጠር፤ ይህችን መለኪያም ጣትዎ ላይ ላድርግ። ... ትንፋሽዎ ደህና ነው፣ ኦክስጅንዎም ደህና ነው። ዛሬ ምን ቀመሱ?»

«ምን እቀምሳለሁ፣ አፌ መረረኝ። ጾምም ነው።»

«ውኃስ?»

«ከትናንት ወዲህ እንጃ።»

«ድካሙ ከዚያ ነው። ግሉኮስ የሚሰጥዎ ውኃና ትንሽ ስኳር ነው፤ እርስዎ መዋጥ ስለሚችሉ በአፍዎ ቢወስዱት ሰውነትዎ እኩል ይቀበለዋል፣ እጅዎም አይቆስልም። እዚሁ ተቀምጠው ይህን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ አጠገብዎ ነኝ። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው የሚሉትን ይንገሩዎት። ነገ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤትዎ መጥታ ታይዎታለች።»

ነርሷ ያደረገችው ነገር ብዙ ነው። ድካማቸውን አላጣጣለችም፤ ነካች፣ ለካች፣ የለካችውን ነገረቻቸው፤ በመርፌው ፋንታ ባዶ እጅ አላስቀረቻቸውም፤ የነገ ቀጠሮም ሰጠች። ጊዜ አይበቃም የሚል ባለሙያ ይኖራል። ነገር ግን ፈሳሽ ለመስቀል፣ ደም ሥር ለመፈለግ፣ ከረጢቱን ለመከታተል የሚያልፈው ሰዓት ከዚህ ንግግር ይበልጣል።

ለቤተሰብ ሊነገር የሚገባው ምግብ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ጤፍ፣ ሽምብራና ባቄላ በየጎተራው አለ፤ ጎመን ከጓሮ ይገኛል፤ እንቁላልና ወተት ብዙ ጊዜ ለገበያ ይወጣሉ። እንቁላሉን ሽጦ የቫይታሚን አምፑል የሚገዛ ቤተሰብ ማየት ያሳዝናል። ታማሚው ጠንካራ ምግብ ካልቻለ አጥሚት፣ የሽሮ መረቅ፣ ወተት በየሁለት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ዝንጅብልና ሎሚ በሻይ መጠጣት ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚመጣው «ይህን ስለጠጣሁ አልያዝም» ተብሎ ጭንብል ሲጣልና ክትባት ሲዘለል ነው። የኮቪድ ክትባት በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገለጸ ልክ በዓመቱ፣ መሰጠት ሲጀምር፣ ከቫይታሚን መርፌ ሳይሸሹ ክትባቱን የፈሩ ብዙዎች ነበሩ። በቀጣይ ወረርሽኝም ይህ እንደሚገጥመን ታውቆ፣ የትኛው መርፌ ለምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማስተማር ይገባል።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው፦ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ሲፈጥን፣ ደረት ሲወጋ፣ ከንፈር ሲጠቁር፣ ታማሚው ግራ ሲጋባ ወይም ለመንቃት ሲቸገር፣ የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ ነው። የኦክስጅን መለኪያ ያላቸው ባለሙያዎች ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆናቸውን አይርሱ፤ በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሰው ንባብ ከቆላው ጥቂት ዝቅ ሊል ስለሚችል ከቁጥሩ ጋር የታማሚውን አተነፋፈስ ማየት ያስፈልጋል። ንባቡ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ግን ክርክር የለውም፤ ኦክስጅን ወዳለበት፣ ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል በፍጥነት ይላክ። በቤት ሆኖ ምክር ለማግኘት 8335 ወይም 952 ላይ ያለ ክፍያ መደወል ይቻላል።

ታማሚው በመንደር ተወግቶ ወይም ፈሳሽ ተሰቅሎለት ከሆነ ቤተሰቡ ባዶ አምፑሉን፣ ከረጢቱንና ማሸጊያውን አይጣል፤ በላስቲክ ቋጥሮ ከታማሚው ጋር ያምጣ። መርፌውን ግን በእጁ አይንካ፤ ወፍራም ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ያቅርብ። ባለሙያው የመድኃኒቱን ስም፣ የምድብ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን መዝግቦ፣ የተጠረጠረውን ጉዳት ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ያሳውቃል። ያመጣውን ቤተሰብ በዚያች ሰዓት መውቀስ አያስፈልግም፤ ከረጢቱን ደብቆ እንዳይመጣ ማድረግ ይበልጣል።